ጣሪያ የሚጠገነው በግንቦት ነው

ወዳጆቼ፣ እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ።

ዘንድሮ እንቁጣጣሽን የተቀበልሁት የቁፋሮው ጭቃ ከጥፍሬ ሥር ገና ሳይለቅ ነው። የጳጉሜን ቀናት ከሰፈራችን ወጣቶችና ከአንድ አንጋፋ አናጺ ጋር፣ ጉለሌ ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ የአንዲት እናት ቤት ስናድስ ከረምን። የበሰበሰውን ቋሚ ስንነቅል፣ ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ጋቢያቸውን ይሰቅሉበት የነበረውን ሚስማር እንዳንጥለው ለመኑን። አናጺው ሚስማሩን አቃንቶ በአዲሱ ቋሚ ላይ፣ በቀድሞው ከፍታ መታላቸው።

ቤቱ የቀበሌ ቤት ነው። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ሲሆኑ፣ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት በቀበሌ ሥር ገቡ። ያ ዝቅተኛ ኪራይ ብዙ ድሆችን ከከተማው መሐል እንዳይገፉ ጠብቋቸዋል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ለጥገና የሚተርፍ ገንዘብ አልነበረውምና ቤቱም ነዋሪውም አብረው አረጁ።

ጭቃ ቤት የሚሞተው ከእግሩ ነው። የጣሪያው ጠፈጠፍ መሬት ላይ እየነጠረ የግድግዳውን ግርጌ ያጥባል፤ ምርጊቱ ሲረግፍ የባሕር ዛፉ ቋሚ ለእርጥበትና ለምስጥ ይጋለጣል፤ ቋሚው ሲሰምጥ ደግሞ ጣሪያው ይዘምና ቆርቆሮው በየሚስማሩ ቀዳዳ ማፍሰስ ይጀምራል። ስለዚህ ቋሚዎቹን ለውጠን፣ ግርጌውን በድንጋይ ገንብተን፣ የውኃ መውረጃ ቦይ ቆፈርን፤ ያፈስስ የነበረውንም ቆርቆሮ ቀየርን። ምርጊቱን ግን ለጥቅምት አቆይተን ግድግዳውን ለጊዜው በላስቲክ ሸፈንነው። ቤቱ ለበዓል ቀለም ተቀብቶ ቢያምር ሁላችንም ደስ ባለን ነበር፤ ሆኖም በጭድ የተቦካ ጭቃ ፀሐይ ካላገኘ አይጠነክርም። አምና በነሐሴ የመረግነው የሌላ ጎረቤታችን ግድግዳ መስቀል ሳይደርስ ተፈረካክሶ ወድቋል፤ ጥፋቱ የእኛ ጥድፊያ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የሚቆጨኝ መዘግየታችን ነው። እኒህ እናት ሐምሌንና ነሐሴን በሙሉ፣ ሌሊት እየተነሡ በሚያፈስሰው ሥር ሳፋ ሲደቅኑና አልጋቸውን ከጥግ ወደ ጥግ ሲገፉ ከርመዋል፤ እኛ የደረስነው ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ነው። የበጎ ፈቃድ ሥራችን ከክረምቱ ዕረፍትና ከበዓሉ ስጦታ ጋር ስለተቆራኘ፣ የአረጋውያን ጣሪያ ትዝ የሚለን ካፈሰሰ በኋላ ሆኗል።

በዚህ አዲስ ዓመት የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። በሚያዝያ፣ በሰፈራችሁ ብቻቸውን ወደሚኖሩ አረጋውያን ጎራ በሉና፣ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ ጣሪያውንና የግድግዳውን ግርጌ ተመልከቱ። ጉልበት ያለው በጉልበቱ፣ የሌለው የአናጺውን የቀን አበል ወይም ጥቂት ቆርቆሮ በመሸፈን ይተባበር፤ ዕድሮቻችሁንም አማክሩ፤ ማን በምን ችግር ላይ እንዳለ ከእነርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ፎቶግራፍ ማንሣት ካስፈለገም ቤቱን እንጂ የባለቤቱን ፊት አታንሡ።

እኔ በጥቅምት ለምርጊቱ፣ በግንቦት ደግሞ ለሚቀጥለው ጣሪያ እጠራችኋለሁ። መልካም አዲስ ዓመት ይሁንላችሁ።