ሀበሻ ሆነህ ዝላይ?

ጫማዬን ሳወልቅ ምንጣፉ ላይ አሸዋ ፈሰሰ። ዛሬ ሜዳችን ላይ ውድድር ነበር። ሰው ስላጠረን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የዝላዩን አሸዋ ስደለድል የዋልኩት እኔው ነኝ። ገና ቁጭ ከማለቴ እማዬ ከሜሪላንድ ደወለች።

«ዛሬ ምን ሠራህ?»

«ውድድር ነበረን።»

«አሸነፋችሁ?»

ይህን ጥያቄ እስካሁን መመለስ አልቻልኩበትም። የዛሬው የቡድን ነጥብ የማይያዝበት ውድድር ነው። አንዱ ሰዓቱን አሻሻለ፣ አንዷ ሦስቱንም ሙከራ አበላሸች፣ አንዱ የባቱ ጡንቻ ያዘው። «ደህና ነበር» አልኳት። «ተመስገን» አለችና ስለ እህቴ ልጅ ክርስትና ማውራት ጀመረች።

እማዬ ለጎረቤት «ልጄ ኮሌጅ ያስተምራል» ትላለች። ምን እንደማስተምር ሲጠይቋት ወሬ ትቀይራለች። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ አንድ ጋሼ አሉ። በሄድኩ ቁጥር «ሯጮችህ እንዴት ናቸው?» ይሉኛል። የዝላይ አሰልጣኝ እንደሆንኩ ቢያንስ አምስቴ ነግሬያቸዋለሁ። አምስቴም «ሀበሻ ሆነህ ዝላይ?» ብለው ስቀዋል። አይፈረድባቸውም። ፈረንጆቹም ያው ናቸው። አንድ ቦታ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ስቀመጥ ገና ሰላም እንዳልን «5,000 ሜትር በስንት ትገባለህ?» ተባልኩ። ሮጬው አላውቅም። አውቶቡስ ሲያመልጠኝ እንኳን ቀጣዩን ነው የምጠብቀው።

አባዬ ዲቪ ደርሶት ስንመጣ 17 ዓመቴ ነበር። ሃይስኩል የገባሁ ሰሞን የስፖርት አስተማሪው ስሜን ሰምቶ ቀጥታ ከረጅም ርቀት ሯጮቹ ጋር ደባለቀኝ። በሦስተኛው ቀን ጎኔን ይዤ ሣሩ ላይ ስቀመጥ፣ ከአጠገቤ ልጆች ሱሉስ ዝላይ፣ ሮጦ ተነስቶ በሦስት ተከታታይ ዝላይ አሸዋ ላይ የሚያርፉበትን፣ ይለማመዱ ነበር። ተነስቼ ሞከርኩ። በቃ፣ ከዚያ ወዲህ ከአሸዋው አልወጣሁም።

ኮሌጅ ስገባ ስኮላርሺፕ የሰጠኝ የለም። ያኔ በአንደኛው ዲቪዚዮን፣ በአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛው እርከን፣ ለአንድ የወንዶች የአትሌቲክስ ቡድን የሚፈቀደው 12.6 ስኮላርሺፕ ነበር። አዎ፣ ነጥብ ስድስት። አሰልጣኙ ያንን እንደ ድፎ ዳቦ ይቆርሰዋል። ለአንዱ ግማሽ ክፍያ፣ ለሌላው የመጽሐፍ መግዣ። እኔ የደረሰኝ መለያ ብቻ ነው። በአራት ዓመት ውስጥ ምርጤ 14.62 ሜትር ነበረች። በኮንፈረንሳችን፣ ማለትም በኮሌጆች ሊጋችን፣ ሻምፒዮና አንዴ ስምንተኛ ወጥቼ ለቡድኑ አንድ ነጥብ አምጥቻለሁ። አንደኛ 10፣ ሁለተኛ 8 እያለ ወርዶ ስምንተኛ ላይ 1 ነው። ያችን አንድ ነጥብ እስካሁን አነሳታለሁ፤ ሚስቴ ሰልችቷታል።

ከተመረቅኩ በኋላ ሦስት ዓመት በነጻ አሠለጠንኩ። ቀን ሜዳ፣ ማታ እንደ ብዙው ሀበሻ ፓርኪንግ። አባዬ «ደሞዝ ከሌለው ምኑን ሥራ ሆነ?» ይለኝ ነበር። በጎ ፈቃደኛ አሰልጣኝ የሚባለው መደብ ከሐምሌ 2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአንደኛው ዲቪዚዮን ቀርቷል። ዘግይቶብኛል።

በዚያ ሰሞን ፓርኪንግ ቤት ቁጭ ብዬ ስለ አርካንሳስ ዩኒቨርሲቲው የአትሌቲክስ አሰልጣኝ ጆን ማክዶኔል አነብ ነበር። ከአየርላንድ የመጣ የገበሬ ልጅ ነው። ጡረታ በወጣበት በ2008 (እ.ኤ.አ.) አርባ ብሔራዊ ዋንጫ ነበረው፤ 11 በአገር አቋራጭ፣ 19 በቤት ውስጥ፣ 10 ከቤት ውጭ። ሁሉም የሚያነሳው ስለ ሯጮቹ ነው። እኔ ግን ዓይኔ ያረፈው ረዳቱ ዲክ ቡዝ ላይ ነው። የዝላይ አሰልጣኙ ማለት ነው። እዚያ ከዘለሉት አንዱ ማይክ ኮንሊ ነው። ኮንሊ በ1992 ባርሴሎና ኦሎምፒክ ላይ በሱሉስ ዝላይ በ18.17 ሜትር ወርቅ ወሰደ። የዓለም ክብረ ወሰን ያኔ 17.97 ነበር፤ ግን አልተመዘገበለትም። የሚፈቀደው የጀርባ ነፋስ በሰከንድ 2.0 ሜትር ሲሆን የእሱ 2.1 ነበር። ይህን ታሪክ ለአዲስ ልጅ ሁሉ እነግራለሁ። የሚገርመው፣ የሚያዝን የለም። «ወርቁን ወስዷል አይደል?» ይሉኛል።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ስለ አንድ ልጅ ነው።

በ2025 ሰኔ በኮሌጅ ስፖርት ክስ ላይ ፍርድ ቤት ባጸደቀው ስምምነት የስኮላርሺፕ ገደቡ ተነሳ። በምትኩ ስምምነቱን የተቀበሉ ትምህርት ቤቶች በየቡድኑ የሰው ቁጥር ተገደበባቸው። አትሌቲክስ 45 ወንድ፣ 45 ሴት። እኛም ገብተናል። መስከረም ላይ አንድ አዲስ ተማሪ ቪዲዮውን ስልኩ ላይ ይዞ ቢሮዬ መጣ። 13.80 ይዘላል። እኔ በእሱ ዕድሜ 13 ሜትርም አልሞላሁም። ስኮላርሺፕ አልጠየቀም። «መለማመድ ብቻ ነው የምፈልገው» አለ። ዋናው አሰልጣኝ ጋ ሄድኩ። ዝርዝሩን ወደ እኔ አዞረው። 45። ማንን ላውጣልህ ነው ነገሩ። ተመልሼ ለልጁ ቦታ የለም አልኩት። «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብሎ ወንበሩን ወደ ቦታው መልሶ ወጣ። ያ ወንበር ነው ያንገበገበኝ። ቢሳደብ ይሻለኝ ነበር።

ዛሬ ጠዋት የተወዳዳሪዎቹን ስም ሳይ ስሙን አገኘሁት፤ በግሉ ተመዝግቧል። ነጭ ካናቴራ ለብሶ መጣ። መነሻውን የሚለካበት ሜትር ስላልነበረው በእግሩ ቆጠረ። የመጀመሪያውን ዝላይ የመነሻ ጣውላውን ጣቱ አልፎ አበላሸ። ሁለተኛው ላይ ከጣውላው አንድ ጫማ ያህል ወደ ኋላ ተነስቶ 13.41 ዘለለ። ከእኛዎቹ ልጆች ጋር ላለመቆም ዳር ዳር ይላል። አሸዋ እየደለደልኩ አላየሁም ብዬ ዝም ማለት እችል ነበር። የራሴን ሜትር ሰጠሁት። ጫፉን እኔ ጣውላው ላይ ያዝኩለት፣ እሱ እየዘረጋ ሄዶ ምልክቱን በፕላስተር ለጠፈ።

በሦስተኛው 13.97 ገባ። ከአሸዋው ሲወጣ በአጠገቤ እያለፈ «እንዴት ነበር?» አለኝ።

«ከሦስቱ መሀለኛዋ ዝላይ አጭር ናት» አልኩት። «በመጀመሪያው በጣም ከፍ ስለምትል መሀል ላይ ትወድቅባታለህ። ዝቅ ብለህ ወደፊት ሂድ።»

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ መደልደያውን ከእጄ ተቀብሎ የራሱን ዱካ አጠፋ፤ የሚቀጥለውም ልጅ ዘሎ ሲወጣ የእሱንም አጠፋለት። ማንም አላዘዘውም።

ሦስት ዙር ይቀረው ነበር።