ሞተሩ ይውረድ ተብሎ፣ የተበላሸው ግን አንድ ሽቦ

መኪናችሁ እየተንገጫገጨ ቢጫዋ የቼክ ኢንጂን መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ከጀመረች ነዳጅ አትርገጡ። ዝም ብላ በርታ የምትቀረው መብራት ጊዜ ትሰጣለች። ብልጭ ድርግም የምትለው ግን አትሰጥም። አንዱ ሲሊንደር በትክክል እየነደደ አይደለም ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ያልነደደው ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው ይሄድና እዚያ ይቀጣጠላል፣ ጭሱን የሚያጣራውን ካታላይቲክም አቃጥሎ ያበላሸዋል። እኔ ላይ የበራችው ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ በሚወጣው ዳገት ላይ ነው። ቤቴ ሱሉልታ፣ ሥራዬ መሃል ከተማ ስለሆነ ከዚያ ዳገት ማምለጫ የለኝም።

መኪናዋ ያሪስ ናት፣ ሞተሯ 1.5 ሊትሩ ዋን ኤንዜድ። አራት ሲሊንደር፣ ቤንዚኑን በብልጭታ ለሚያቀጣጥለው ለእያንዳንዱ ካንዴላ ኃይለኛ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው የራሱ ኮይል። ጠዋት ስትነሳ ደህና ናት። ሚኒሞ ላይ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ፣ አልፎ አልፎ ትንቀጠቀጣለች። ዳገት ላይ ግን በሁለተኛ ማርሽ እንኳ ጉልበት ታጣለች፣ ኮብልስቶን ላይ ደግሞ ይብስባታል።

ምክር አልጠፋም። አንዱ ቤንዚኑ ውሃ አለው አለኝ። ሌላው አራቱንም ኮይል ቀይር አለ። የቤንዚን ፖምፓው ደክሟል ያለም ነበር። ሁሉም በቅን ልቦና ነው የተናገሩት፣ የጠቀሱት ነገር ሁሉም ሚስፋየር፣ ማለትም የሲሊንደር በትክክል አለመንደድ፣ ሊያመጣ ይችላል። ችግሩ ማንም የለካ ሰው አለመኖሩ ነው። በመገመት ዕቃ መግዛት ከጀመራችሁ ደግሞ መጨረሻ የለውም፤ በዚያ ላይ ገበያው ላይ ፎርጅድ ካንዴላና ፎርጅድ ኮይል ስላለ፣ አዲስ ብላችሁ የገጠማችሁት ዕቃ ራሱ ሌላ ችግር ይዞ ሊመጣ ይችላል።

ስለዚህ መጀመሪያ የመኪናዋ ኮምፒውተር የመዘገበውን የብልሽት ኮድ አነበብኩ። በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የምትገናኘው ኢኤልኤም327 የምትባለው ትንሽ መሣሪያ ለዚህ ትበቃለች፣ መሪው ሥር ያለው ሶኬት ላይ ትሰካላችሁ። ሁለት ኮድ ወጣ፦ ፒ0303 እና ፒ0171። የመጀመሪያው ሦስተኛው ሲሊንደር ሚስፋየር አለው ይላል። የመጨረሻው ቁጥር ሲሊንደሩን ነው የሚነግራችሁ፣ ቆጠራውም ከቺንጋው (ከቀበቶው) በኩል ይጀምራል። ፒ0300 ቢሆን ኖሮ ሚስፋየሩ በአንድ ሲሊንደር አልተወሰነም ማለት ስለሆነ ቤንዚኑን፣ ፖምፓውን ወይም የአየር መግቢያውን እጠረጥር ነበር። ሁለተኛው ኮድ ድብልቁ ሳስቷል፣ ቤንዚን አንሷል ይላል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ነው ፖምፓ የሚቀይረው። ግን አስቡት፤ አንዱ ሲሊንደር ሳይነድ ሲቀር የሳበው አየር እንዳለ ወደ ጭስ ማውጫው ይወጣል። እዚያ ያለው የኦክስጅን ሴንሰር ያንን አየር ያይና ለኮምፒውተሩ ቤንዚን አንሷል ብሎ ይነግረዋል። ኮምፒውተሩም ለሁሉም ሲሊንደር ይጨምራል። ስለዚህ ሁለቱ ኮዶች አብረው ሲመጡ ሁለተኛው የመጀመሪያው ውጤት ሊሆን ይችላል። ሦስተኛውን ሲሊንደር ሳላጣራ ፖምፓ አልነካም አልኩ።

ቀጥሎ ምንም ዕቃ ሳይገዛ የሚሠራው ምርመራ ነው፣ ማዘዋወር። ሞተሩን አጥፍቼ የሦስተኛውን ኮይል ወደ አንደኛው፣ የአንደኛውን ወደ ሦስተኛው ቀየርኩ። ኮዱን አጠፋሁና ዳገቱን ወጣሁ። ችግሩ ኮይሉ ቢሆን ኮዱ ተከትሎት ሄዶ ፒ0301 ይሆናል። ተመልሶ የመጣው ግን ያው ፒ0303 ነው። ኮይሉ ነጻ ወጣ።

ካንዴላዎቹን ሳወጣቸው ነው ነገሩ መልክ መያዝ የጀመረው። በቅደም ተከተል ጨርቅ ላይ ደረደርኳቸው። አንደኛው፣ ሁለተኛውና አራተኛው ጫፋቸው ፈዘዝ ያለ ቡናማ ነው፣ እንደ ጤነኛ ካንዴላ። ሦስተኛው ነጣ ያለ፣ ደረቅ፣ ንጹሕ። አሸተትኩት፣ የቤንዚን ሽታ የለውም። ይህቺን ልብ በሉ። እሳት አጥቶ ያልነደደ ሲሊንደር ካንዴላው ብዙ ጊዜ በቤንዚን ረጥቦ ይወጣል፤ ደርቆ ከወጣ ግን የጠፋው ቤንዚኑ ሊሆን ይችላል። ክፍተቱንም ለካሁ፣ 1.1 ሚሊሜትር፣ ልክ ነው። ለማረጋገጥ ካንዴላውንም አዘዋወርኩት። ኮዱ አሁንም ከሦስተኛው አልተነቃነቀም።

ቤንዚኑን የሚረጨውን ኢንጀክተር ከመንካቴ በፊት ኮምፕረሽኑን፣ ማለትም ፒስተኑ አየሩን የሚጨምቅበትን ግፊት፣ ማወቅ ፈለግኩና አንድ ጋራዥ ወስጄ አስለካሁ። አራቱም ከ148 እስከ 152 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ባለው መካከል ወጡ። መካኒኩ ስልኩ ላይ የዚህን ሞተር መመሪያ ከፍቶ አሳየኝ፦ ጤነኛው 213፣ ዝቅተኛው ወሰን 156 ገደማ። «ጋሼ፣ ይሄ ሞተር አልቋል። ይውረድና ፋሻው ይቀየር» አለኝ። ፋሻ የሚባለው ፒስተኑ ላይ ያለው ማሸጊያ ቀለበት ነው።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም በዚህ አካባቢ ስንትና ስንት ደህና ሞተር በዚህ ሒሳብ ሊወርድ እንደሚችል ሳስበው ያሳዝነኛል። የመመሪያው ቁጥር የባሕር ወለል ቁጥር ነው። ሱሉልታ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 በላይ። በዚህ ከፍታ አየሩ ከሩብ በላይ ይሳሳል። ፒስተኑ የሚጨምቀው ያገኘውን አየር ነው፣ ያነሰ አየር ሲያገኝ ጌጁም ያነሰ ያነባል። 213ን ለእኛ ከፍታ ስታስሉት ወደ 150 ይወርዳል። የእኔ ሞተር ጤነኛ ነበር ማለት ነው። እዚህ የሚኖር ሰው ማየት ያለበት በመጀመሪያ የአራቱን ልዩነት ነው፣ ለዚህ ሞተር ከ14 ፒኤስአይ መብለጥ የለበትም። አንዱ ብቻ በጣም ወርዶ ቢገኝ ኖሮ ትንሽ ዘይት ሲሊንደሩ ውስጥ ጨምሮ መልሶ መለካት ነው፤ ከፍ ካለ ፋሻው፣ ካላለ ቫልቩ ወይም በሞተሩና በክዳኑ መሃል ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ይጠረጠራል። ስታስለኩ ደግሞ አራቱም ካንዴላ ወጥተው፣ ባትሪው ሙሉ ሆኖ፣ የነዳጅ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ተረግጦ መሆኑን ቆማችሁ እዩ። አለዚያ ቁጥሩ ያለ ምክንያት ይወርዳል።

ሞተሩ አይወርድም ብዬ ወጣሁ። መካኒኩ አልተቆጣም፣ ከፍታውን ሳስረዳው ቁጥሩን ራሱ ደግሞ አሰላው።

የቀረው ቤንዚን መርጨት ያቃተው ኢንጀክተር ወይም ትእዛዝ የማያደርሰው ሽቦ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ትንሽ ሱቅ ያለው የመኪና ኤሌክትሪሺያን ልጅ አለ፣ እሱን ጠራሁት። በቴስተር የሦስተኛውንና የሁለተኛውን ኢንጀክተር ለካ፣ ሁለቱም 14 ኦም አካባቢ። ስለዚህ ውስጡ ያለው ጥቅል ደህና ነው። ከዚያ ሞተሩን አስነሳን። ረጅም ካቻቢቴ ወስጄ ጫፉን ኢንጀክተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አደረግኩ። የሚሠራ ኢንጀክተር ድምፁ ግልጽ ነው፣ ጠክ ጠክ ጠክ ይላል፣ እንደ ሰዓት። ሦስተኛውም እንደ ሌሎቹ ይላል።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይስሙ፣ እኔ ሽቦውን ላነቃንቀው» አለ ልጁ። የሽቦውን እቅፍ ይዞ ቀስ እያለ ከጫፍ ወደ ውስጥ ሄደ። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ጠክ ጠኩ ቀጥ አለ። ሞተሩ ወዲያው ተንቀጠቀጠ። እጁን ሲለቅ ተመለሰ። ደግሞ ያዘው፣ ደግሞ ጠፋ። ሁለታችንም ተያየን።

አጥፍተን የሽቦውን ሽፋን ገለጥነው። ውስጡ የደረቀ ሣርና የአይጥ ኩስ። ሁለት ሽቦዎች ልጣቸው ተግጧል፤ አንደኛው ልጡ ብቻ ነው፣ መዳቡ ደህና ነው። ወደ ሦስተኛው ኢንጀክተር የሚሄደው ግን በጥቂት የመዳብ ክር ብቻ ተንጠልጥሏል፣ ክሮቹም አረንጓዴ ዝገት ይዘዋል። ዳገት ላይ ለምን እንደሚብስ ያኔ ገባኝ። ሞተር ጉልበት ሲያወጣ ጎማ መቀመጫው ላይ ዘንበል ይላል፣ እሱ ሲያዘነብል ሽቦው ይሳባል፣ ክሮቹ ይላቀቃሉ። ኮብልስቶንም ያው ነው፣ ያናውጠዋል። ቆሞ ሲመረመር ግን ሽቦው ተነካክቶ ሁሉም ደህና ይመስላል።

ልጁ የዛገውን ቆርጦ በተመሳሳይ ውፍረት ሽቦ ቀጠለው፣ በሊድ በየደው፣ በናስትሮ ብቻ ሳይሆን በሙቀት የሚጨማደድ ፕላስቲክ አለበሰው። ጠምዝዞ በናስትሮ ማሰር ሞተር አጠገብ አይበረክትም፣ ሙቀቱ ሙጫውን ያቀልጠዋል፣ እርጥበት ይገባል። ኮዱን አጥፍቼ በዚያው ምሽት ቤተሰቡን ጭኜ ዳገቱን ወጣሁ። መብራቷ አልበራችም። ኮምፒውተሩ ምን ያህል ቤንዚን እንደጨመረ የሚያሳየው፣ ከ20 በመቶ በላይ ወጥቶ የነበረው የቤንዚን ማካካሻ ቁጥር ከተወሰነ መንገድ በኋላ ወደ ዜሮ ተጠጋ። ፒ0171 ፖምፓ ሳይነካ በዚያው ጠፋ።

አይጧ አሁንም ግቢያችን ውስጥ ያለች ይመስለኛል። ሱሉልታ ሌሊቱ ይበርዳል፣ በየግቢው የድርቆሽ ክምር አለ፣ ማታ የገባ ሞተር ደግሞ ለረጅም ሰዓት ይሞቃል። መኪናዋን ከድርቆሹ አርቄ ነው አሁን የማቆማት፣ ወጥመድም አስቀምጫለሁ። ጠዋት ከመነሳቴ በፊት ኮፈኑን ከፍቼ በባትሪ ሽቦዎቹ ሥር አያለሁ፣ አዲስ ሣር ካየሁ እዚያው አወጣዋለሁ።