ጣርማ በር ላይ ያደርነው

ላምበረት መናኸሪያ 7 ሰዓት ደረስኩ። መኪናው የወጣው 9 ተኩል ነው፣ ሁለት ሰው ጎደለ ተብሎ። ከታሪፉ ላይ 100 ብር ጨመሩ። ረዳቱ ደግሞ ሻንጣዬን አይቶ ሌላ 150 ጠየቀኝ። ከውጭ የመጣ ሰው ሻንጣ ከሩቅ ያስታውቃል መሰለኝ። ከፈልኩ፣ እየተነጫነጭኩ።

እስከ ደብረ ብርሃን ስላለው መንገድ የምለው የለኝም፣ ተኝቼ ነበር። 12 ሰዓት ተኩል ገባን፣ ሻይ ጠጣን፣ ወጣን።

እንጀራዬ ባሕር ላይ ነው። ባሕር ዳር ሠልጥኜ የጭነት መርከብ ሞተር ክፍል ከገባሁ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። እረፍት ወጥቼ ሸዋ ሮቢት እህቴ ጋ እየሄድኩ ነበር።

ጣርማ በር ስንቃረብ ጉሙ ወረደ። መንገዱን በነሐሴ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ግድግዳ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ ነህ፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን የቆፈረውን ዋሻ አልፈህ ወደ ደብረ ሲና ስትወርድ ደግሞ አንዱ ጎን ገደል ነው። የእኛ መኪና የዝናብ መጥረጊያ በሹፌሩ በኩል አይሠራም። ረዳቱ ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ በፎጣ ይጠርግለታል። በዚህ መሃል አንድ አይሱዙ ደርቦ አለፈን!

መርከብ ላይ ጉም ሲመጣ ምን እንደሚደረግ የታወቀ ነው። ከላይ ስልክ ይደወልልናል፣ ፍጥነት ይቀነሳል፣ እኛም «ቁም» ከተባለ ወዲያው እንድናቆም ሞተሩ አጠገብ ተዘጋጅተን እንጠብቃለን። የ1972ቱ ዓለም አቀፍ የመርከቦች ግጭት መከላከያ ደንብ፣ ቁጥር 19፣ የሚያዘው ይሄንኑ ነው። መርከቡ እየሄደ ከሆነ ቢያንስ በየሁለት ደቂቃው አንድ ረጅም ጡሩምባ ይነፋል። ራዳር እያለም ሰው ወደ ፊት ተልኮ በዓይኑና በጆሮው ይጠብቃል። ባለ ዕቃው ይቸኩላል፣ ወኪሉ ይደውላል፣ ደህንነት ላይ ግን የመጨረሻው ቃል የካፒቴኑ ነው።

ይሄን ሁሉ እያወቅሁ ምን አደረግሁ? ምንም። ሁለት ጊዜ አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁ። አጠገቤ ያለው ጎረምሳ «ሹፌሩ ይሄን መንገድ ዓይኑን ጨፍኖ ያውቀዋል» ሲል ጭራሽ ራሴን ነቀነቅሁለት። ሰው ፊት ፈሪ መባል ከገደሉ በልጦብኝ ነው።

ከኋላ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡ እናት ነበሩ፣ ዘንቢላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው። ከደብረ ብርሃን ጀምሮ አንዲት ቃል አልተናገሩም።

«አንተ ልጅ፣ አውርደኝ» አሉ።

«እማማ፣ ደብረ ሲና እኮ ትንሽ ነው የቀረን።»

«አውርደኝ አልኩህ። በእግሬ እሄዳለሁ።»

«በዚህ ጉም?»

«አንተስ በዚህ ጉም አይደል የምትሄደው?»

መኪናው ውስጥ ሳቅ ሆነ። ሹፌሩ ግን አልሳቀም። ሰበብ ሲፈልግ የቆየ ሰው ነው የመሰለኝ፣ «እንግዲህ እማማ ካሉ…» ብሎ ፍሬቻውን አበራና ጥግ ያዘ።

ረዳቱ ወረደ። በነጠላ ጫማ፣ ሞባይሉን አብርቶ፣ የአስፋልቱን ነጭ መስመር እየረገጠ ከፊት ከፊት ሄደ። እኛ በአንደኛ ማርሽ ተከተልነው። ሹፌሩ በየጥቂቱ ጡሩምባ ይነካል። ደንቡን አንብቦት እንደማያውቅ እርግጠኛ ነኝ፣ ግን አንዷንም አላስቀረም። እንዲህ እንዲህ እያልን ከዋሻው በፊት ካሉት ቤቶች ደረስን። ረዳቱ ጎማው ስር ሁለት ድንጋይ ታኮ አደረገ፣ በቃ እዚያው አደርን።

አልጋው 600 ብር። ዘበኛው ራሱ ሌላ ቀን 250 እንደሆነ ሹክ አለኝ። ብርድ ልብሱ እርጥብ ነበር፣ ቁንጫውን ተዉት። እኔ የሞተር ጩኸት ካልሰማሁ እንቅልፍ አይወስደኝም፣ እዚያ የምሰማው የገዛ ጥርሴን ነው። ተነስቼ ሻይ ቤት ገባሁ። ሻይ የምታፈላዋ ልጅ አይታኝ ምንም ሳትል ከጓዳ የመንዝ ባና አምጥታ ትከሻዬ ላይ ጣለችልኝ። በግ በግ ይሸታል። ጠዋት ብር ስዘረጋላት የሻዩን ብቻ ቆርጣ መለሰችልኝ።

ባናውን ተከናንቤ ቁጭ እንዳልኩ ሌላ ሚኒባስ ሳይቆም አለፈ። ቀይ መብራቱን ወዲያው ጉሙ ዋጠው።

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሰማዩ ጠራ። ዋሻውን አለፍን፣ ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ ወረድነው። ደብረ ሲና ስንደርስ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ይሸታል፣ ቆሎ ሻጮቹ መስኮቱን ከበቡት። ማታ ያለፈን ሚኒባስ እዚያ ቆሟል፣ ጭረት እንኳ የለውም። ጎረምሳው በጣቱ እያሳየኝ «600 ብራችንን በከንቱ ተበላን» አለ። ምን ልበለው? ጉም ውስጥ ፍጥነት ሳይቀንስ የሚሄድ መርከብም ብዙውን ጊዜ ይደርሳል።

እማማ ወራጅ ነበሩ። የመቀነታቸውን ቋጠሮ ፈተው 50 ብር አወጡና ለሹፌሩ ዘረጉለት። «ኧረ ማርያምን አልቀበልም!» አለ። ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተውለት ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ሄዱ።

«እኔስ?» አለ ረዳቱ። እግሩ እስካሁን ጭቃ ነው።