9 ቁጥር በር

ዛሬ ማታ የኩሽናውን ካቢኔት 9 ቁጥር በር ድጋሚ ፍቄ ጨረስኩ። ሌሎቹ 13ቱ በሮች ቦታቸው ላይ ተሰቅለዋል። እሱ ግን ሳሎን ውስጥ ሁለት ወንበር ላይ ተጋድሟል፣ እንደ ታመመ ሰው። እራት የበላነው በሱ ዙሪያ ነው።

ኩሽናችን የድሮ ነው። በሮቹ ቫርኒሽ የጠጡ ቡናማ፣ እጀታዎቹ ወርቅማ ሆነው ጠርዛቸው የተላጠ። አምፖሉም ቢጫ ስለሆነ በቀትር እንኳን ስገባ የመሸ ይመስለኝ ነበር። አናጺ ጠርቼ አዲስ ካቢኔት ስንት እንደሚያስወጣኝ ጠየቅኩት። ለካ፣ ደመረ፣ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፎ ሰጠኝ። አመሰገንኩት። እሱን ከሸኘሁ በኋላ ወረቀቱን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። መሳቢያውም እንደ ልማዱ አልዘጋ አለኝ።

በማግስቱ ካቢኔቶቹን አንድ በአንድ ከፍቼ አየኋቸው። ሣጥኖቹ ጤነኛ ናቸው። ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለው እንኳን ደረቅ ነው፤ አላበጠም፣ አልበሰበሰም። ውሃ ጠጥቶ አብጦ ቢሆን ኖሮ ቀለም መቀባቱ ገንዘብ መጣል ነበር። ያረጀው ፊታቸው ብቻ ነው። እንግዲያው ፊቱን ብቻ ልቀይር አልኩ፦ ቀለም፣ እጀታ፣ አምፖል። እህቴ "ቧንቧውስ?" አለችኝ። "ውሃ ይሰጥ የለ?" አልኳት።

ዋናው ሥራ ቀለም መቀባት ይመስለኝ ነበር። አይደለም፣ ማጠብ ነው። ከምድጃው በላይ ያለውን በር የላይኛውን ጠርዝ ስነካው ጣቴ ተጣበቀ። የስንት ዓመት የዘይት ተን ከአቧራ ጋር ተጋግሮ ሙጫ ሆኗል። በጥፍሬ ስጭረው እየተጠቀለለ ይወጣል። ለብ ባለ ውሃ የዕቃ ሳሙና በጥብጬ አሸሁት፤ ውሃው ወዲያው ጠቆረ። ሁለተኛውም ጠቆረ። በእጀታዎቹ ዙሪያማ እጃችን ዕለት ዕለት የተወው ቅባት ክብ ሠርቶ ነበር። ቅባት ላይ የተቀባ ቀለም የሚይዘው እንጨቱን ሳይሆን ቅባቱን ነው። ሳሙናውም ራሱ ካልታጠበ ያው ነው፣ ስለዚህ በንጹህ ውሃ ደግሜ አጥቤ አደረቅኩ። ይኼ ብቻ ሁለት ቅዳሜ በላ።

በሮቹን ስፈታ ቁጥር ሰጠኋቸው። ቁጥሩን የጻፍኩት ማጠፊያው በሚገባበት ጎድጓዳ ውስጥ ነው፣ ቀለም እንዳይሸፍነው በፕላስተር ጋርጄ። ብሎኖቹን በየበሩ ለየብቻ በፌስታል ቋጠርኩ። ሰው ሲያይ በሮቹ ሁሉ አንድ ይመስላሉ። ግን እያንዳንዱ ማጠፊያ በየቦታው ጠበቅና ላላ ተደርጎ ኖሯል፤ ከተምታታ ሲሰቀል አንዱ ከአንዱ ይጋጫል።

ከዚያ የብርጭቆ ወረቀት። ቫርኒሹን ልጦ መጨረስ አያስፈልግም፤ አብረቅራቂነቱ ጠፍቶ ገጹ ሻከር ካለ በቂ ነው። በ120 ጀምሬ በ220 ጨረስኩ፤ ቁጥሩ ሲያድግ ወረቀቱ ይለሰልሳል። (በሮቹ ቀለም የተቀቡ፣ ቤቱም በጣም የቆየ ቢሆን ግን እንዲህ ዘና ብዬ አልፍቅም ነበር። የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፤ የዚያ አቧራ በተለይ ለልጆች መርዝ ነው።)

እጀታ ላይ ተሞኘሁ። ዓይኔ የወደደውን ገዝቼ መጣሁ። ቤት ስለካው በሁለቱ ቀዳዳዎች መሀል 128 ሚሊሜትር ነው። የድሮው 96። ደግነቱ ቀለም ሳልቀባ ነው የሞከርኩት። አንዱን የድሮ ቀዳዳ እንዳለ ተጠቀምኩበት፤ ሌላውን በስቱኮ ደፍኜ ከሱ 32 ሚሊሜትር ዝቅ ብዬ አዲስ በሳሁ። 14 በር፣ 14 ድፍን፣ 14 ቀዳዳ። ካርቶን ቆርጬ መለኪያ ባልሠራ ኖሮ አሁን እጀታዎቹ ሁሉ እየተንጋደዱ ይስቁብኝ ነበር። የድሮውን እጀታ ፈትቶ ይዞ መሄድ እንዴት እንዳልታየኝ!

ቀለም ቅቡ፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ እንደ ዕረፍት ነው። ፕራይመር (ቀለሙ እንዲይዝ ከሥሩ የሚቀባው) አንድ ጊዜ፣ ቀለም ሁለት ጊዜ፣ በስፖንጅ ሮለር፣ ስስ ስስ አድርጎ። ወፍራም ሲሆን ይወርዳል፤ የወረደው እንባ ሆኖ ይደርቃል። አመድማ ቀለም ነበር የመረጥኩት። አምፖሉን ቀይሬ ነጣ ያለውን ባለ 4000 ኬልቪን (ኬልቪን የብርሃኑ ቀለም መለኪያ ነው) ሳስገባ ግን እህቴ በሩ ላይ ቆማ "አረንጓዴ ነው የቀባሽው?" አለችኝ። እውነትም አረንጓዴ ነው። ናሙናውን ያየሁት በዚያ ቢጫ መብራት ሥር ነዋ! አምፖሉን መጀመሪያ መቀየር ነበረብኝ። ከሁሉም የረከሰው እሱ ነው፤ ኩሽናውን ከሁሉም በላይ የለወጠውም እሱ። ቀለሙን ግን እየወደድኩት ነው።

9 ቁጥር የምድጃው ጎረቤት ነው። የመጨረሻው ስለነበር፣ እኩለ ሌሊትም ስለተቃረበ፣ አንዴ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ አድርጌ አለፍኩት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በአራተኛው ቀን እጀታውን ሳጠብቅ ጥፍሬ ጠርዙን ነካ አደረገው፤ ቀለሙ እንደ ፕላስቲክ ተነሳ። ሳብ ሳደርገው የመዳፌን ያህል ተገሽልጦ መጣ። ከሥሩ ያ ሙጫ እያብረቀረቀ ነበር። ተቀምጬ ሳቅኩ፤ ትንሽም ሊያለቅሰኝ ዳዳ።

ሌሎቹን በጥፍሬ ሞከርኳቸው። ጸንተዋል። ግን ገና ናቸው። ቀለም በሰዓታት ሲነኩት ይደርቃል፤ በደንብ እስኪጠነክር ሳምንታት ይፈልጋል። እስከዚያ ቀስ ብለን ነው የምንዘጋው፤ እርጥብ ጨርቅ አናስነካውም።

ዛሬ 9 ቁጥርን ሦስት ጊዜ አጠብኩት። በሦስተኛው ውሃው ሳይጠቁር ቀረ። ነገ ፕራይመር።

የአናጺው ወረቀት ከመሳቢያው ወጥቷል። በጀርባው የካቢኔቶቹን ንድፍ ስዬ የየበሩን ቁጥር ጽፌበታለሁ። ከአንዱ በቀር ሁሉም ላይ ምልክት አለ።