የዶጋሊ ፌርማታ

ሰሞኑን ምንም ሥራ አልያዝልኝ ብሎ ልቤ ይባክናል። ዛሬ ማምሻውን ሮም ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት አውቶቡስ ስጠብቅ የአደባባዩ ስም ዐይኔ ውስጥ ገባ፤ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይላል። አምስት መቶዎቹ በጥር 1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ያለቁት ጣሊያኖች ናቸው። ለእነርሱ መታሰቢያ የቆመው የግብፅ ሐውልትም ቀድሞ እዚሁ ጣቢያው ፊት ነበር፤ በኋላ ራቅ ብሎ ወዳለው የአትክልት ስፍራ ተዛወረ እንጂ።

እኔን የያዘኝ ግን ዶጋሊ ያለችው የባቡር ፌርማታ ነበረች። ከምጽዋ ወደብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ብሎ፣ የባሕሩ ወበቅ ገና ሳይለቅ የምትገኝ፣ ተሳፋሪ የሚወርድባት መደበኛ ባቡር ከቀረ ብዙ ዘመን ያለፋት ፌርማታ ናት። የተወለደችው ከዚያው ውጊያ ነው። ያን ቀን ያለቁት ወታደሮች ሰሐጢ ምሽግ ውስጥ ለተከበቡት ጓዶቻቸው ሊደርሱ በእግራቸው ይጓዙ የነበሩ ናቸው። ሮም ይህን ስትሰማ 20 ሺህ ያህል ጦር ላከች፤ ከምጽዋ እስከ ሰሐጢም 27 ኪሎ ሜትር ሐዲድ አነጠፈች፤ ከዚያ በኋላ ስንቅና ጥይት በባቡር ይደርስ ጀመር።

በመጋቢት 1880 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ እጅግ ብዙ ሠራዊት አስከትለው ሰሐጢ ድረስ ወረዱ። ጣሊያኖቹ ከምሽጋቸው አልወጣም አሉ፤ ምን አስወጣቸው፣ ቀለባቸው ከኋላቸው በሐዲድ እየመጣ? የንጉሡ ሠራዊት ግን የያዘው በጀርባውና በአጋሰስ የጫነውን ብቻ ነበር፤ በዚያ ላይ የሱዳን ደርቡሾች ጎንደርን አቃጥለው ነበር። ስለዚህ ሳይዋጉ ተመለሱ። በዓመቱ ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ፤ ጣሊያንም አስመራ ገባ።

ባቡሩም ተከትሎ በ1904 ዓ.ም. አስመራ ደረሰ፤ ከባሕር ወለል ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ የሚወጣ የ118 ኪሎ ሜትር መስመር። በ1960ዎቹ መጨረሻ የኤርትራ የነጻነት ጦርነት አገልግሎቱን አቋረጠው፤ ሐዲዱና የብረት አግዳሚው እየተነቀለ የምሽግ ጣሪያ ሆነ። ለስንቅ ማመላለሻ የተነጠፈው ብረት በመጨረሻ ራሱ ምሽግ መሆኑ ያሳዝነኛል። ደግነቱ ከኤርትራ ነጻነት በኋላ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞች፣ ያረጁ የተከበሩ አባቶች፣ ተጠርተው ብረቱን ከየምሽጉ እየለቀሙ መልሰው ዘረጉት፤ በ1995 ዓ.ም. ባቡር ዳግም አስመራ ደረሰ። ለእነዚያ እጆች ያለኝን አክብሮት በቃል መግለጽ ይከብደኛል።

እኛ የዶጋሊን ታሪክ ስንናገር በድሉ ቀን እናቆማለን። እኔም ተማሪ ሳለሁ የተማርኩት እዚያ ላይ ያበቃ ነበር፤ በዓመቱ ስለተነጠፈው ሐዲድ ማንም አልነገረኝም። የራስ አሉላን ጀግንነት አንድ ስንዝር እንኳ ዝቅ ማድረግ አልፈልግም፤ ያን ድል እወደዋለሁ። ነገር ግን ያ ድል ባይኖር ሐዲዱ በዚያ ፍጥነት ይነጠፍ ነበር? ዶጋሊ ጣሊያንን ያዘገየ ድል ነው ወይስ ያጣደፈው? እኩለ ሌሊት አለፈ፤ አንዴ ይህንን አንዴ ያንን እላለሁ፣ አንዱም ላይ መርጋት አልቻልኩም።