ቢ እና ሲ ቦታ የተለዋወጡበት ሌሊት

እሑድ ጠዋት እናቴ ሁለተኛውን ቡና ቀድታ «እስቲ ያንን ድምፅ አሰማኝ» አለችኝ። ያ ድምፅ አባቴ በ1978 ዓ.ም. ከዋሽንግተን በሰው እጅ የላከው ነው። በዚያ ዘመን ውጭ አገር ያለ ሰው ደብዳቤ ከሚጽፍ ባዶ ካሴት ገዝቶ፣ ማታ ብቻውን ተቀምጦ፣ ለቤተሰቡ አውርቶ ይልክ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ከሥራ ስመለስ ከካሴቶቹ ሦስት ገጽ ወደ ኮምፒውተር ገልብጬአለሁ። ከፈትኩት። አቃፊው የለም።

ሁለት ባለ 2 ቴራባይት ዲስኮች አሉኝ። በአንድ ቀን ከአንድ ሱቅ የተገዙ፣ መልካቸውም መጠናቸውም አንድ የሆኑ። አንዱ ዋናውን ክምችት ይይዛል፣ ሌላው መጠባበቂያ ቅጂውን። በየሳምንቱ ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ፣ አርሲንክ የሚባለው ፕሮግራም በራሱ ተነሥቶ ዋናውን ወደ ቅጂው ይገለብጣል። ዋናው ላይ የሌለ ነገር ቅጂው ላይ ካገኘ ይሰርዘዋል፤ ሁለቱ እኩል እንዲሆኑ እንዲህ ያዘዝኩት እኔው ነኝ። ቅዳሜ ማታ ደግሞ የኮምፒውተሬን ስርዓተ ክወና፣ ሊኑክሱን፣ አሻሻልኩ፤ እምብርቱ የሆነው ከርነሉ ከ4.19 ወደ 5.10 አለፈ። ኮምፒውተሩ አንድም ስህተት ሳያሳይ ተነሣ። ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

የሆነው ይህ ነው። የትኛው ዲስክ የት እንደሚገጠም በሚወስነው ኤፍኤስታብ በተባለው ፋይል ውስጥ፣ ከዓመታት በፊት በእጄ «ኤስዲቢ ዋናው፣ ኤስዲሲ ቅጂው» ብዬ ጽፌ ነበር። ኤስዲቢና ኤስዲሲ ሊኑክስ ለዲስኮቹ የሚያወጣላቸው ስሞች ናቸው። ከማሻሻያው በኋላ ሁለቱ ዲስኮች ስም ተለዋወጡ። ሁለቱም ጤነኛ ስለሆኑ ያለ ምንም ቅሬታ፣ አንዱ በሌላው ቦታ ተገጠሙ። ሌሊት 8 ሰዓት ሲሆን የሳምንት ዕድሜ ያለው አሮጌው ቅጂ «ዋና» ሆኖ ቀረበ፤ በእውነተኛው ዋና ዲስክ ላይ ያለው የሳምንቱ ሥራዬ ትርፍ ተብሎ ተሰረዘ።

እንዴት እንዲህ ተማመንኩ? ሊኑክስን የተማርኩት ዲስኮች ኤችዲኤ፣ ኤችዲቢ እየተባሉ በሚጠሩበት ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ስሙ የቦታ ስም ነበር። በሁለተኛው ገመድ ላይ ቀዳሚ ሆኖ የተሰካ ዲስክ ኤችዲሲ ነው፤ ኤችዲቢ የሚባል በሌለበት ኮምፒውተር እንኳ ኤችዲሲ ሆኖ ይኖራል። በኋላ የመጣው ኤስዲ የሚል ስም ግን የወረፋ ቁጥር ነው፤ ቀድሞ የተገኘ ኤ፣ ቀጥሎ የተገኘ ቢ። ለረጅም ጊዜ ኮምፒውተሩ ሲነሣ ዲስኮቹ በተርታ እየተጠየቁ ስለነበር ወረፋው ብዙም አይዛነፍም፣ እኔም ልዩነቱን ሳላስተውለው ኖርኩ። እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው ከ5.3 ጀምሮ ግን ከርነሉ ጊዜ ለመቆጠብ ዲስኮቹን በአንድ ጊዜ ይጠይቃቸዋል። ከመንታዎቹ ፈጥኖ የመለሰው ቢ ይሆናል። ዛሬ አንዱ፣ ነገ ሌላው። በጥፋቱ ከርነሉን አልከስም፤ ስሙ ቋሚ ነው ብሎ ማንም አልነገረኝም። ያመመኝ ስርዓተ ክወናው ያለበት ዲስክ ከመጀመሪያው ዩዩአይዲ በሚባለው የማይለወጥ መለያ ተመዝግቦ ምንም አለመሆኑ ነው። ያን ባለ 36 ምልክት መለያ ስንቴ አይቼ፣ ረዘመብኝ ብዬ አልፌዋለሁ።

መጀመሪያ ያደረግኩት ዲስኩን ወዲያው ማላቀቅ ነበር፤ ምንም እንዳይጻፍበት። የተሰረዘ ፋይል መረጃው ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው ይቆያል። ከዚያ ፎቶሬክን አስነሣሁ። ይህ ፕሮግራም የፋይሎችን ስም አይመልስም፤ ዲስኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ እያሰሰ ድምፅ የሚመስለውን ሁሉ ያወጣና ባገኘበት ቦታ ቁጥር ይሰይመዋል። እስከ ማታ ፈጀ። እናቴ በየመሐሉ ብቅ እያለች አየችኝ እንጂ አንድም ጊዜ አልጠየቀችኝም።

የወጣው ብዙ ነበር፤ ሁሉም ቁጥር ብቻ። በመጠናቸው ደረደርኳቸው። የካሴቱ አንድ ገጽ 45 ደቂቃ ነው፣ እኔ በቀዳሁበት ጥራት 238 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። በዚያ መጠን ሁለት አገኘሁ። የመጀመሪያውን ስከፍት ክርርር የሚል የባዶ ክር ድምፅ፣ ቀጥሎ የአባቴ ጉሮሮ መጥረግ፣ ከዚያ «እንደምን ሰነበታችሁ» ተሰማ። ኮምፒውተሩን እንዳቀፍኩ ወደ ሳሎን ሄድኩ።

ሦስተኛው 100 ሜጋባይት ብቻ ነው። አሥራ ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ፣ ስለ በረዶው እያወራ፣ ይቆረጣል። ያንን ካሴት ደግሞ ቀድቼው እንደጨረስኩ ቴፑ በልቶታል።

ዛሬ ማታ ለዲስኮቹ የራሳቸውን ስም ሰጠኋቸው። ዲስኮቹ ላይ ፋይሎችን የሚያደራጀው ኤክስት4 ለስም የሚፈቅደው 16 ባይት ነው፤ አንድ የግእዝ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚይዝ አምስት ፊደል ይገባል። አንዱን «ዋናው»፣ ሌላውን «ቅጂ» አልኩ፤ ኤፍኤስታብ ላይ ግን በዩዩአይዲ አስገባኋቸው። በቅጂው ዲስክ ላይ አንዲት ባዶ ፋይል አኑሬአለሁ፤ የሌሊቱ ሥራ እርሷን ካላገኘ ምንም ሳይነካ ይቆማል። ሦስት ጊዜ አጥፍቼ አስነሣሁ። በሁለተኛው ላይ ቢ እና ሲ እንደገና ተለዋውጠው ነበር፣ ዲስኮቹ ግን በየቦታቸው ተገጥመዋል።

የተጨማደደው ካሴት ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ጀርባው ላይ በአባቴ እጅ «ለሁላችሁም፣ ቁጥር 2» ተብሎ ተጽፏል። ነገ መርካቶ ሄጄ ቴፕ የሚጠግን ሰው እፈልጋለሁ። እናቴ አብሬህ ካልሄድኩ ብላለች።