የምን አጥንት?

ማክሰኞ ነበር፤ ደብረ ዘይት ካለፈ ሁለተኛው ቀን። ሁዳዴ እኩሌታው ላይ ደርሷል፤ የከተማችን ሥጋ ቤቶች በራቸውን ከዘጉ አንድ ወር ሆኗቸዋል። ይህችን ነገር ያን ዕለት ልብ ብያት ቢሆን ኖሮ እጄን ያላየሁት ነገር ውስጥ ባላስገባሁ ነበር።

የምሠራው በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ውሻና ድመት በምናክምባት ትንሽ ክሊኒክ ነው። ሁለት የእንስሳት ሐኪሞችና አንድ ረዳት ነን። ታላቄ የሆኑት ሐኪም በሙያው ሃያ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። እኔ ከተመረቅኩ ገና ስምንት ወሬ ነበር።

ጧት ሦስት ሰዓት ላይ አንዲት እናት ከዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጃቸው ጋር በባጃጅ መጡ። ውሻቸውን መከታን በአሮጌ ጋቢ ጠቅልለውታል። ባጃጅ ነጂው ራሱ አቅፎ አስገባልን።

«ዶክተር ልጄ፣ አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሮበት ነው» አሉኝ። «ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ውኃ እንኳ አልወርድ ብሎታል። አፉንም መግጠም አቃተው።»

መከታ ዳማ፣ ደረተ ሰፊ ውሻ ነው። የታችኛው መንጋጋው ወርዶ ተንጠልጥሏል። ለሃጩ እንደ ክር እየተጎተተ ጋቢውን አርሶታል። ጠረጴዛው ላይ ስናወጣው ሊጮህ ሞከረና የሻከረ፣ የራሱ ያልሆነ ድምፅ ወጣው። ይህን ሁሉ አየሁ፣ ሰማሁም። ነገር ግን «አጥንት» የሚለው ቃል አስቀድሞ ጆሮዬ ገብቶ ስለነበር ያየሁት ሁሉ አጥንት መሰለኝ።

የጓንት ካርቶናችን ተሟጦ የቀሩትን ጥቂት ጥንዶች ለቀዶ ሕክምና አስቀምጠናቸው ነበር። ጣቶቼ ደግሞ በዚያ ሰሞን ብርድ ተሰነጣጥቀዋል። በግራ እጄ የእጅ ባትሪ ይዤ ቀኙን ወደ ምላሱ ሥር ሰደድኩት። መከታ አልነከሰኝም። ሊነክስም አይችልም ነበር፤ መንጋጋውን የሚዘጉት ጡንቻዎች አልታዘዝ ብለውታል። እኔ ግን ገርነት መስሎኝ «ጎበዝ፣ መከታ» እያልኩ አባበልኩት። የለሃጩ ሙቀት እስካሁን ጣቶቼ ላይ ያለ ይመስለኛል።

ዶክተር ከወዲያኛው ክፍል ብቅ አሉ። ገና ከበሩ ሳያልፉ ውሻውን አንድ ጊዜ አዩት።

«እማማ፣ የምን አጥንት ነው?»

እማማ ዝም አሉ። ቆየት ብለው «እኔ እንጃ፣ ዶክተር። በዚህ ጾም ከቤቴ አጥንት አልወጣም» አሉ።

«ሲበላ ያየው ሰው አለ?»

ማንም አላየም። ለካ አጥንት የሚለውን ግምት የተናገረው ጎረቤት ኖሯል፤ ከጎረቤት ወደ እማማ፣ ከእማማ ወደ እኔ ሲተላለፍ ግምትነቱ ቀርቶ እውነት ሆነ።

«እጅህን አውጣ» አሉኝ ዶክተር። አልጮኹም። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ስለነበር ይበልጥ ደነገጥኩ።

ወደ ቧንቧው ወስደው ውኃውን ከፈቱልኝና ሳሙና ሰጡኝ። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ሳሙና ስለማይችል ንክኪ ያለበትን ቦታ በሚወርድ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ማጠብ ከሁሉ የሚቀድም ነገር ነው። ውኃው አጥንት ድረስ ይሰረስራል። በቃኝ ብዬ ቀና ስል ዶክተር የግድግዳውን ሰዓት እያዩ «ገና ስድስት ደቂቃ ነው» አሉኝ።

እጄን እያሸሁ የተማርኩት ሁሉ ተመለሰልኝ። በሽታው ሁልጊዜ በሚናከስና በሚሮጥ ውሻ አይገለጥም። ሽባ የሚያደርገው ዓይነት አለ፤ መንጋጋው ይወድቃል፣ መዋጥ ያቅተዋል፣ ድምፁ ይለወጣል፣ ባለቤቱም አጥንት ተሰነቀረበት ብሎ ያመጣዋል። ይህንኑ በፈተና ተጠይቄ መልሻለሁ፤ ሙሉ ነጥብም አግኝቼበታለሁ።

የቀረውን ጥያቄ ዶክተር ጠየቁ። ክትባት? ቡችላ ሳለ አንድ ጊዜ፤ ከዚያ ወዲህ የለም። ከግቢ ይወጣል? «ኧረ አይወጣም፤ ቀን ቀን ይታሰራል» አሉ እማማ። «ሌሊትስ?» ሌሊት ይፈታል፤ አጥሩ ደግሞ በአንድ በኩል ወድቋል። ከሁለት ወር በፊት ትከሻው ላይ ተነክሶ አድሮ ነበር፤ ቁስሉ በራሱ ደረቀ። በሽታው ከንክሻው በኋላ ለሳምንታት ወይም ለወራት ተደብቆ ይቆያል።

ከዚያ ዶክተር ልጁ ፊት በርከክ አሉ። ልጁ ከአያቱ ነጠላ ጀርባ ተሸሽጎ ጥፍሩን ይነክሳል።

«አንተም አጥንቱን ፈልገህለት ነበር፣ የእኔ ጎበዝ?»

ራሱን ነቀነቀ። አያቱ «ምን!» ብለው ሊቆጡ ሲሉ ዶክተር በእጃቸው ያዝ አደረጓቸው። «ጥሩ አደረግህ የነገርከኝ። እጅህን እስቲ አሳየኝ።» የጥፍሮቹ ዳር ሁሉ ተቆርጥሞ ቀይ ሥጋው ይታያል። እኔ ቧንቧውን ለቀቅኩለት፤ ሰዓቱን እንደገና ከዜሮ ጀመርን።

ከታላቄ ምርመራ ይልቅ የደነቀኝ ይህ ነው። ልጁን ቢቆጡት ኖሮ ፈጽሞ አይናገርም ነበር። የበሽታው ምልክት አንድ ጊዜ ከታየ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል፤ የሚያድነው ክትባት ምልክቱ ከመታየቱ በፊት መድረስ አለበት። ያ ልጅ የዳነው በአንዲት ለስላሳ ጥያቄ ነው እላለሁ።

እማማ መከታን ጸበል ልውሰደው ብለው ለመኑ። «እማማ፣ ልጁን ይውሰዱት፤ ክትባቱን ግን አያስቀሩበት። መከታ እየተሰቃየ ነው፤ መንገድ ላይም ሌላ ሰው ይነካል» አሏቸው። እማማ ስምንት ዓመት በራቸውን የጠበቀውን ውሻ ከሩቅ ቆመው ተሰናበቱት፤ መዳበስ ስላልተፈቀደላቸው በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘው አለቀሱ። ከቀትር በኋላ በመርፌ አሳረፍነው። የአንጎሉን ናሙና ዶክተር ራሳቸው፣ ድርብ ጓንትና መነጽር አድርገው አወጡ። በሁለት ላስቲክ ታሽጎ፣ በረዶ በሞላው ሳጥን አዲስ አበባ ላክነው።

ውጤቱን አልጠበቅንም። በዚያው ቀን ለልጁና ለእኔ ክትባት ተጀመረልን፤ የሚቀጥለው በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ14ኛውና በ28ኛው ቀን ነው። ክትባቱ እስኪሠራ ቫይረሱን የሚከላከለውና ከክትባቱ ጋር ሊሰጠን ይገባ የነበረው ሴረም በከተማው አልተገኘም፤ ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል። ልጁ መርፌውን አይቶ ሲያፈገፍግ ዶክተር እ.ኤ.አ. በ1885 ፈረንሳይ ውስጥ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትን ወደ ሠራው ሉዊ ፓስተር ዘንድ ስለመጣው ጆሴፍ ማይስተር ነገሩት። እሱም ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ውሻ ነክሶት 13 ጊዜ ተወግቶ ዳነ። ልጁ በጥሞና ሰማና «ውሻውስ?» አለ። ዶክተር መልስ አልሰጡትም፤ ራሱን ዳበሱት።

በማግስቱ ውጤቱ መጣ። የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ከዚያ በኋላ መከታን የነካ ሁሉ ይፈለግ ጀመር። አጥንት ነው ያለውን ጎረቤትም፣ ባጃጅ ነጂውንም ቤታቸው ድረስ ሄድን። ነጂው ለሃጩ እጁ ላይ እንደፈሰሰ ሲያስታውስ ፊቱ አመድ መሰለ። ዶክተር የእኛን ክትባትም ለወራት ሲወተውቱበት ኖረው አሁን ሰሚ አገኙ፤ ረዳታችን ተከተበ። የጓንት ካርቶንም ከዚያ ወዲህ ተሟጦ አያውቅም። በካርዳችን ላይ «ባለቤቱ የተናገረው» እና «ባለቤቱ በዓይኑ ያየው» የሚሉ ሁለት የተለያዩ መስመሮች ገቡ።

አምስተኛውን መርፌ የወሰድነው ከፋሲካ በኋላ ባለው ማክሰኞ ነው። ልጁ ክንዱን ራሱ ገልጦ ሰጠ። ከዚያ ወደ ክሊኒክ ስመለስ አንድ ሰው ጥቁር ውሻ ይዞ ደጃፍ ላይ ይጠብቀኛል። ውሻው አፉን በመዳፉ ይቧጥጣል፤ ለሃጩም ይወርዳል።

«ዶክተር፣ አጥንት ነው» አለኝ።

«ሲበላ ያየው ሰው አለ?»

«እኔ ራሴ ነኝ የሰጠሁት፤ ትናንት ማታ፣ የበግ ጎድን።»

የክትባት ካርዱን ጠየቅኩ፤ ከኪሱ አወጣ፤ ቀኑ አላለፈም። ጓንቴን አጠለቅኩ። ባትሪውን ሳበራ በላይኛው መንጋጋ፣ ከግራ ክራንቻ እስከ ቀኝ ክራንቻ፣ ላንቃው ላይ እንደ መወርወሪያ ተጋድሞ አየሁት። በመቆንጠጫ ሳብ ሳደርገው ቀጭ አለና ወጣ።